የሁለት ትናንሽ አገሮች ጭስ

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ጭስ ነው። ስለ ማገዶ ጭስ አይደለም። አገሮች በየዓመቱ ወደ ሰማይ ስለሚለቁት፣ በሚሊዮን ቶን ስለሚቆጠረው፣ ሹማምንትም በየስብሰባው ስለሚኮሩበትና ስለሚካሰሱበት ጭስ ነው። «ስንት የራሳችን ጣጣ እያለ ይሄ ሰውዬ ደግሞ ስለ ፈረንጅ ጭስ ሊያወራን ነው?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ በብዙ የአውሮፓ አገሮች የሚኖረው ወገናችን ቤንዚን ሲቀዳም ሆነ የማሞቂያ ሒሳብ ሲከፍል የዚህን ጭስ ቀረጥ አብሮ ይከፍላል። አገር ቤትም ቢሆን የጭሱ ክርክር ከገባ ቆይቷል። ስለዚህ ሒሳቡ እንዴት እንደሚሠራ ማወቁ አይከፋም። የማያውቅ ሰው ቁጥር በነገሩት ቁጥር ይደነግጣል፤ ወይም ያጨበጭባል።

ለምሳሌ የመረጥኳቸው ሁለት ትናንሽ አገሮች ዴንማርክና አየርላንድ ናቸው። ሁለቱም በ1973 በአንድ ቀን የአውሮፓን የኢኮኖሚ ማኅበር ተቀላቀሉ (ዓመታቱን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። የእያንዳንዳቸው ሕዝብ ዛሬ ከ5 እስከ 6 ሚሊዮን ይሆናል። ሁለቱም ቅቤ፣ ሥጋና ወተት ለዓለም የሚሸጡ፣ የገበሬ ድምፅ የሚከበርባቸው አገሮች ናቸው። ሁለቱም ነፋስ አያጡም። ከሩቅ ለሚያያቸው መንታ ይመስላሉ። የጭስ ታሪካቸው ግን ለየቅል ነው።

ቁጥሩ እነሆ። በ1990 ዴንማርክ ወደ 70 ሚሊዮን ቶን፣ አየርላንድ ደግሞ ወደ 55 ሚሊዮን ቶን ሙቀት አማቂ ጋዝ ለቀቁ። ደንና መሬት የሚለቁትና የሚውጡት ለብቻው ስለሚቆጠር እዚህ አልገባም። ሠላሳ ሦስት ዓመት ቆይተን በ2023 ስናይ ዴንማርክ ወደ 40 ሚሊዮን ወርዳለች፤ አየርላንድ ግን ያው 55 ሚሊዮን ላይ ናት። እዚያው ቆማ ግን አልቆየችም። በ2001 ወደ 70 ሚሊዮን ወጥታ፣ ከዚያ ወርዳ፣ እንደገና ወጣ ወረድ ስትል ቆይታ ነው፤ ከ1990ው መጠን ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ ያለችው በዚሁ በ2023 ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ቶን ሲባል ሁሉም አንድ ዓይነት ጋዝ አይደለም። ከከሰል፣ ከነዳጅ ዘይትና ከተፈጥሮ ጋዝ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለ። ላም ስታመሰኳ የምታገሳው ሜቴን አለ። ከማዳበሪያና ከፍግ የሚነሣው ናይትረስ ኦክሳይድ አለ። ሙቀት የማፈን ኃይላቸው ስለሚለያይ ሁሉም ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይመነዘራሉ፤ ሪያሉም ዩሮውም ወደ ዶላር እንደሚመነዘር ማለት ነው። ዛሬ በሚሠራበት ምንዛሪ አንድ ቶን ሜቴን እንደ 28 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቆጠራል። በኪዮቶው ውል ዘመን ግን ምንዛሪው 21 ነበር። ምንዛሪው ሲለወጥ የድሮው ሒሳብ እስከ 1990 ድረስ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና ይሠራል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ የሃያ ዓመት ወረቀት ይዞ ከዘንድሮው ወረቀት ጋር ማነጻጸር ሞኝነት ነው።

እንግዲህ ሁለቱን ቁጥሮች ያየ ሰው ፍርዱ ፈጣን ነው። «ዴንማርኮች ጎበዞች፣ አየርላንዶች ሰነፎች» ይላል። ዳኝነቱ ግን ሦስት ጥያቄዎች ሳይመለሱ አይጸናም።

የመጀመሪያው «ከየትኛው ዓመት ጀምሮ?» የሚለው ነው። በ1973 የዘይት ቀውስ ሲመጣ ዴንማርክ ከምትጠቀምበት ኃይል 90 በመቶ ያህሉ ከውጭ የሚመጣ ዘይት ነበር። ያው የዘይት ዋጋ ንረት ነው በየካቲት 1966 በኛ አቆጣጠር የአዲስ አበባን ባለ ታክሲዎች ለአድማ ያስነሣው፤ የተከተለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ዴንማርክ እሑድ እሑድ መኪና እንዳይነዳ እስከ መከልከል ደረሰች። ከዚያ የወሰደችው የመጀመሪያ መድኃኒት ብዙ ሰው እንደሚያስበው ነፋስ አልነበረም፤ ከሰል ነበር። የኤሌክትሪክ ጣቢያዎቿን ከዘይት ወደ ከሰል አዞረች። በ1990 ኤሌክትሪኳ ከሞላ ጎደል የከሰል ነበር። ስለዚህ ቆጠራው የጀመረው ከተራራ ጫፍ ላይ ነው፤ ከጫፍ ለጀመረ ደግሞ ቁልቁለቱ ቅርብ ነው።

ሌላም አለ። 1990 በኖርዌይና በስዊድን ዝናብ የጠገበበት ዓመት ስለነበረ ዴንማርክ ከግድቦቻቸው ርካሽ ኤሌክትሪክ ገዛች፤ የራሷም ጭስ በዚያው ልክ አነሰ። በ1996 በአንጻሩ የጎረቤቶቿ ግድቦች ጎደሉ፤ ዴንማርክም ከሰሏን አንድዳ ሸጠችላቸው። የዚያ ዓመት ጭሷ ወደ 90 ሚሊዮን ቶን ተጠጋ። በኖርዌይ ተራራ ላይ የዘነበው ወይም ያልዘነበው ዝናብ የዴንማርክን መዝገብ በሃያ ሚሊዮን ቶን ሊያናውጥ ችሏል ማለት ነው። ከ1996 ተነሥቶ የሚቆጥር ሹም ከ1990 ከሚነሣው ይልቅ ብዙ ጭብጨባ ያገኛል፤ ሥራው ግን ያው ነው።

«እንግዲያው የዴንማርክ ነገር የሒሳብ ጨዋታ ብቻ ነው?» ብትሉኝ አይደለም። በ1979 አገሪቱ የማሞቂያ ሕግ አወጣች። የኤሌክትሪክ ጣቢያ ነዳጅ ሲያነድ ከሙቀቱ ብዙውን ክፍል ወደ ባሕር ወይም ወደ አየር ይጥለዋል። ሕጉ ማዘጋጃ ቤቶችን እቅድ እንዲያወጡ አስገደዳቸው፤ የሚጣለው ሙቀት በቧንቧ እየተላከ ቤት እንዲያሞቅ ተደረገ። ዛሬ ከሦስት የዴንማርክ ቤቶች ሁለቱ የሚሞቁት ከማእከል በሚመጣ ሙቅ ውሃ ነው። በ1985 ፓርላማው የኒውክሊየር ኃይልን ከእቅዱ አወጣ። በ1991 ቪንዴቢ በሚባል ቦታ 11 ተርባይኖች ባሕር ውስጥ ተተከሉ፤ በዓለም የመጀመሪያው የባሕር ላይ የነፋስ ኃይል ጣቢያ ይህ ነው። አርጅቶ የተነቀለው በ2017 ነው። በ1992 የካርቦን ቀረጥ መጣ። ዛሬ ነፋስ ከአገሪቱ ኤሌክትሪክ ከግማሽ በላይ ይሰጣል። ነፋስ ባልነፈሰ ቀን ከኖርዌይ፣ ከስዊድንና ከጀርመን በገመድ ይመጣል። ይህ ሁሉ የአንድ መንግሥት ሥራ አይደለም፤ ቀኝም ግራም ሲፈራረቅ ያልፈረሰ የሃምሳ ዓመት ሥራ ነው። አንዱ የቀበረውን ቧንቧ ሌላው ለምቀኝነት ብሎ አልነቀለውም። እኛ በዚህ በኩል ያለንን ልማድ ለምናውቅ፣ ከሁሉ የሚያስቀናው ይህ ይመስለኛል።

አየርላንድስ? እሷም ያው የዘይት ቀውስ መትቷታል። የሰጠችው መልስ ግን ሌላ ነበር። ፒት የሚባል ነገር አላት፤ በረግረግ መሬት ውስጥ ለሺህ ዓመታት የተከማቸ የሣርና የቅጠል ብስባሽ ነው። ተቆርጦ ደርቆ እንደ ኩበት ይነዳል፤ ጭሱ ግን ከከሰልም የከፋ ነው። እሱን ለኤሌክትሪክ ማንደዷን ቀጠለች። በዚያ ላይ በ1980ዎቹ አጋማሽ በሻነን ወንዝ አፍ ሞኒፖይንት የሚባል ትልቅ የከሰል ጣቢያ ሠራች። ዴንማርክ ከሰሉን በቧንቧ ስታካክሰው አየርላንድ ገና መጀመሯ ነበር። ሞኒፖይንት ከሰል ማንደድ ያቆመው በሰኔ 2025 ነው። ልብ በሉ፤ በ1980ዎቹ የተቆረጠ ውሳኔ አርባ ዓመት ሙሉ ሲጨስ ኖረ። ውሳኔውን ከቆረጡት ብዙዎቹ ዛሬ ሥልጣን ላይ የሉም፤ ሒሳቡን የሚከፍለው ያኔ ያልተወለደው ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ «ለስንት ሰው?» የሚል ነው። በ1980ዎቹ አየርላንድ ልጆቿን የምትሰድድ አገር ነበረች። ወጣቱ ለንደን፣ ቦስተንና ኒውዮርክ ገብቶ ሲሠራ እናቶች ደብዳቤና ገንዘብ ይጠብቁ ነበር። ይህን ለኛ ሰው ማስረዳት አያሻም። በ1990 ሕዝቧ 3 ሚሊዮን ተኩል ብቻ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ኢኮኖሚው ተነሣ፤ ስደተኛው ተመለሰ፤ አልፎም ተርፎ የሌላ አገር ስደተኛ መቀበል ጀመረች። ቤት ተሠራ፤ መኪና ተገዛ፤ በ1990 እና በ2007 መካከል የመጓጓዣው ጭስ ከእጥፍ በላይ ሆነ። የአውሮፓ አገሮችም የኪዮቶን ሸክም በ1998 ሲከፋፈሉ ይህን አይተው ነው፦ ዴንማርክ በ21 በመቶ እንድትቀንስ ሲፈረድባት፣ አየርላንድ ገና ማደግ ስላለባት እስከ 13 በመቶ እንድትጨምር ተፈቀደላት። ከ2008 በኋላ ጭሷ ሲቀንስ ደግሞ ዋናው ምክንያት ብልሃት አልነበረም፤ ባንኮቹ ወድቀው፣ ግንባታው ቆሞ፣ ወጣቱ እንደገና ሻንጣውን አንሥቶ ስለነበር ነው። ኢኮኖሚው ሲያገግም ጭሱም አብሮት አገገመ።

በነፍስ ወከፍ ስናካፍለው ሥዕሉ ይለወጣል። በ1990 ለአንድ ዴንማርካዊ 14 ቶን ያህል ይደርሰው ነበር፤ ዛሬ 7 ቶን አይሞላም። ለአንድ አየርላንዳዊ 16 ቶን ያህል ነበር፤ በ2023 ወደ 10 ቶን ወርዷል። «አልቀነሰችም» የተባለችው አገር በነፍስ ወከፍ ሲሶ ያህል ቀንሳለች ማለት ነው። ሰፊው ሕዝቧ ድምሩን ሸፈነው እንጂ። በሌላ በኩል ግን ሰማዩ ነፍስ ወከፍ አያውቅም፤ የሚያውቀው ድምሩን ነው። ስለዚህ ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱን ብቻ የሚነግራችሁ ሰው ግማሹን ደብቆ ነው የሚነግራችሁ።

ሦስተኛው ጥያቄ «የማን ጭስ?» የሚል ነው። በዓለም አቀፉ ደንብ ጭስ የሚመዘገበው በወጣበት አገር እንጂ ዕቃውን በበላው ወይም በለበሰው አገር አይደለም። አየርላንድ ከምታመርተው የላም ሥጋና ወተት ከአሥር እጅ ዘጠኙን ያህል ለውጭ ትሸጣለች፤ ለንደን የሚበላው ሥጋ ጭሱ በደብሊን ስም ይጻፋል። በገልፍ የምትኖሩ አንባብያንም ታውቁታላችሁ፤ ካታር በነፍስ ወከፍ ጭስ ከዓለም ግንባር ቀደም የምትባለው አየር ማቀዝቀዣው ብቻ አይደለም። ለጃፓንና ለአውሮፓ የምትሸጠውን ጋዝ ስታጠራና ስታቀዘቅዝ የሚወጣውም በሷ ስም ስለሚጻፍ ነው።

በአንጻሩ በማንም ስም የማይጻፍ አለ። ከአገር ወደ አገር የሚሄድ መርከብና አውሮፕላን የሚያነደው ነዳጅ በየአገሩ ድምር ውስጥ አይገባም። ሜርስክ የተባለው የዓለም ግዙፍ የመርከብ ድርጅት የዴንማርክ ነው፤ መርከቦቹ በውቅያኖስ ላይ የሚተፉት ግን የዴንማርክን 40 ሚሊዮን ቶን አይነካውም። ሌላም የዴንማርክ ገመና አለ። የከሰሉን ቦታ በከፊል የተካው ከባልቲክና ከሌላም አገር የሚመጣ የተፈጨ እንጨት ነው። እንጨት ሲነድ ጭስ አለው፤ በደንቡ ግን የሚመዘገበው ዛፉ በተቆረጠበት አገር የደን መዝገብ ላይ ስለሆነ በዴንማርክ ጭስ ማውጫ ላይ ዜሮ ተብሎ ይቆጠራል። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ ሕጉ ነው። ሕጉን ሳያውቁ ማድነቅ ግን አይበጅም።

አየርላንድም የራሷ አዲስ እንግዳ አላት። ነፋስ ዛሬ ሲሶ ያህሉን ኤሌክትሪኳን ይሰጣታል። ይሁን እንጂ የዓለም የኮምፒዩተር ኩባንያዎች የዳታ ማእከላቸውን ደብሊን ዙሪያ ደርድረዋል። በ2015 ከአገሪቱ ኤሌክትሪክ 5 በመቶውን ይወስዱ ነበር፤ በ2023 21 በመቶ ደርሰዋል። ከዋሽንግተን ወደ ጂዳ የምንልካት የሠርግ ፎቶ እዚያ ተቀምጣ ይሆናል፤ መብራቷን የሚቆጥረው የአየርላንድ ቆጣሪ ነው።

አሁን ወደ ላሟ እንምጣ፤ የሁለቱም አገሮች መጨረሻ እሷ ዘንድ ነውና። ከሰልን በነፋስ መተካት ይቻላል፤ ላምን ግን በምን ይተኳታል? በአየርላንድ 7 ሚሊዮን ያህል ከብት አለ፤ ከሰው ይበልጣል። ከአገሪቱ ጭስ ከሲሶ በላይ የሚሆነው ከእርሻ ነው። የአውሮፓ የወተት ኮታ በ1984 ተጥሎ በ2015 ሲነሣ ገበሬው እፎይ ብሎ ላም አበዛ፤ ባንክም መንግሥትም አበረታቱት። አሁን ያው መንግሥት «ጭስ ቀንስ» ሲለው «ትናንት አብዛ ያላችሁኝ እናንተ አይደላችሁም?» ቢል ይፈረድበታል? ዴንማርክ ደግሞ ከሕዝቧ በእጥፍ የሚጠጋ አሳማና ወደ አንድ ሚሊዮን ተኩል ከብት አላት። ሌላው ጭስ ሲቀንስ የእርሻው ጎልቶ ወጣ። በ2024 መንግሥት፣ የገበሬዎች ማኅበርና የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅቶች ተቀምጠው ተስማሙ፤ ከ2030 ጀምሮ በእንስሳት ጭስ ላይ በቶን 300 ክሮነር፣ በ2035 ደግሞ 750 ክሮነር ቀረጥ ይጣላል። ለገበሬው 60 በመቶው ስለሚቀነስለት መጀመሪያ የሚከፍለው 120 ክሮነር ያህል ነው። ላም ቀረጥ የምትከፍልበት የመጀመሪያዋ አገር ልትሆን ነው።

«ባይሳካስ?» የሚለውም ጥያቄ ዋጋ አለው። አየርላንድ በ2021 ባወጣችው ሕግ ከ2018ቱ መጠን በ2030 51 በመቶ ለመቀነስ ቆርጣለች፤ ዴንማርክ በ2020ው ሕጓ ከ1990 ተነሥታ 70 በመቶ። የመነሻ ዓመታቸው እንኳ አንድ አይደለም። የአየርላንድ የበጀት አማካሪ ምክር ቤትና የአየር ንብረት አማካሪ ምክር ቤት በ2025 ባወጡት ግምት፣ አገሪቱ በአውሮፓ ደረጃ የገባችውን ቃል ካልፈጸመች ከ8 እስከ 26 ቢሊዮን ዩሮ ልትከፍል ትችላለች። ይህ ገንዘብ ከሰማይ አይወርድም። በደብሊን ታክሲ የሚነዳውና ሆስፒታል የምትሠራዋ ወገናችንም ግብር ከፋዮች ናቸው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ለኛ አገር ምኑ ነው? በ2009 በዚችው በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሃገን በተደረገው ጉባኤ አፍሪካን ወክለው የቀረቡት ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ነበሩ። ሀብታሞቹ እስከ 2020 በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር ለታዳጊ አገሮች እናሰባስባለን ብለው ቃል ገቡ። በራሳቸው ቆጠራ እንኳ ያን መጠን የደረሱት በ2022 ነው። በ2011 ደግሞ የኢትዮጵያ መንግሥት የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስልት የሚባለውን አወጣ። በዚያ ሰነድ መሠረት የ2010 የአገሪቱ ጭስ 150 ሚሊዮን ቶን ነበር፤ ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነው ከእርሻና ከደን መመንጠር ነው። ለአንድ ኢትዮጵያዊ ሲካፈል 2 ቶን አይሞላም። በብዙ ልፋት የቀነሰው ዴንማርካዊ ዛሬም ከሦስት እጥፍ በላይ ይለቃል።

ሰነዱ ግን የሚያነጻጽረው ከአለፈ ዓመት ጋር ብቻ አልነበረም። «በቀድሞው መንገድ ብንሄድ በ2030 400 ሚሊዮን ቶን እንደርሳለን፤ በዚህ እቅድ ግን 145 ላይ እንቆማለን» ይላል። 1990 የሆነ ዓመት ነው፤ ሊመረመር ይችላል። 400 ሚሊዮኑ ግን ያልሆነ፣ ምናልባትም የማይሆን ነገር ነው። ካልሆነ ነገር ላይ ተነሥቶ «ይህን ያህል ቀነስኩ» ማለት ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እንደተባለው ነው። ይህን የምታደርገው ኢትዮጵያ ብቻ አይደለችም፤ ብዙ ድሃ አገሮች እንዲሁ ይገባሉ፤ ማደግ ለሚገባው አገር ሌላ መለኪያ ማግኘትም ቀላል አይደለም። አየርላንድ እያንዳንዷን ጥጃ በጆሮ ቁጥር ትመዘግባለች፤ በኛ አገር ግን በረት ገብቶ የሚቆጥር የለም። ቆጠራው በራሳችን ባለሙያዎች እጅ፣ በራሳችን ላምና በራሳችን ግጦሽ ልክ ካልተሠራ ሌላው በሰጠን ቁጥር እንከሰሳለን፤ ወይም በሰጠን ቁጥር እንሸለማለን። ሁለቱም ያው ናቸው።

ስለዚህ ውድ አንባብያን፣ ከእንግዲህ በቴሌቪዥን አንዱ ሹም ብቅ ብሎ «አገራችን ጭሷን በዚህ በመቶ ቀነሰች» ሲላችሁ አትቸኩሉ። ከየትኛው ዓመት? ለስንት ሰው? በማን ስም የተጻፈ? ብላችሁ ጠይቁ። የምርጫ ካርድ ያላችሁ ደግሞ ደጃችሁን ለሚያንኳኳው ተመራጭ አራተኛ ጥያቄ ጨምሩለት፦ «አንተ ዛሬ የምትቆርጠው ከአርባ ዓመት በኋላ ምን ሲያጨስ ይገኛል?» ቧንቧ ይሆናል ወይስ ሞኒፖይንት፣ መልሱን የሚያዩት ልጆቻችን ናቸው።

ለዛሬው በዚህ ይብቃን። ሳምንት በደኅና ያገናኘን።